ነገር በምሳሌ፤ ፕሮግራምም በምሳሌ

አንባቢ ሆይ! ምናልባት ቀን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ስታገላብጥ ውለህ ማታ ማታ ፕሮግራም መጻፍ የምትማር ትሆናለህ፤ ወይም ገና በትምህርት ላይ ሆነህ የመጀመሪያዎቹን ፕሮግራሞች የጻፍህ ተማሪ ትሆናለህ። የመጀመሪያው ፕሮግራምህ ሰላምታ አቀረበልህ፤ ሁለተኛው ሁለት ቍጥሮች ደመረልህ፤ እጅግም ደስ አለህ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አለቃህ ይጠራህና፦ «አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ አሉ፤ የሠራተኞቻችንን የዓመት ዕረፍት የሚያሰላ አንድ ፕሮግራም ሥራልን» ይልሃል። እሺ ብለህ ትወጣለህ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ችግሩ የኮምፒዩተር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሰው ችግር ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃህ አንድ ነገር አስቦ ተናገረ፤ አንተ ሌላ ነገር ሰማህ፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ አንተ የጻፍህለትን ብቻ ፈጸመ። ሦስት ሳምንት ደክመህበት ያስረከብኸው ፕሮግራም አሥራ ሁለት ዓመት ላገለገለች ሠራተኛ የሚገባትን ቀን አሳንሶ ያሳያል። ሠራተኛዋ ብትጠይቅ በጠረጴዛው በኩል የተቀመጠው ጸሐፊ፦ «ምን ላድርግ? ኮምፒዩተሩ የሚለው ይኸን ነው» ብሎ ይመልሳታል። ኮምፒዩተር ግን ከራሱ የሚለው የለውም። የተናገረው አለቃህና አንተ ሳትግባቡ የቀራችሁበት ነገር ነው፤ ዋጋውንም የከፈለችው በንግግሩ ላይ ያልነበረች ሰው ናት።

ይህን ዓይነቱን ጕዳት አስቀድሞ ለመከላከል የታሰበ አንድ የሥራ ዘዴ አለ። በእንግሊዝኛ ቢሄቪየር ድሪቭን ዴቨሎፕመንት ይሉታል፤ በአጭሩ ቢዲዲ ነው። በእኛ ቋንቋ ብንተረጕመው «የፕሮግራሙን ጠባይ መሪ አድርጎ መሥራት» ማለት ይሆናል። ስሙ ከባድ ቢመስልም ፍሬ ነገሩን አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲሉ ካስተማሩን የራቀ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ምን ማድረግ እንደሚገባው ከመጻፉ በፊት በተጨባጭ ምሳሌ ተነጋገሩ፤ ከዚያም ያንኑ ምሳሌ የፕሮግራሙ መፈተኛ አድርጉት ማለት ነው።

ዘዴው ከየት ተነሣ?

የዘዴው ታሪክ የሚጀምረው ከመፈተኛ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የተባሉ ሁለት የታወቁ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከዙሪክ ወደ አትላንታ በአውሮፕላን ሲጓዙ፣ በጃቫ ቋንቋ የሚጻፉ ፕሮግራሞችን የሚፈትን ጄዩኒት የተባለ መሣሪያ ሠሩ። ኬንት ቤክ ከዚህም አልፎ አንድ እንግዳ የሚመስል ምክር አስፋፋ። ይኸውም ፕሮግራሙን ከመጻፍህ በፊት መፈተኛውን ጻፍ የሚል ነው። መፈተኛው መጀመሪያ ይወድቃል፤ የሚፈተነው ነገር ገና አልተጻፈምና። ከዚያ መፈተኛውን ለማሳለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ትጽፋለህ፤ ካለፈ በኋላ የጻፍኸውን ታስተካክላለህ፤ እንደዚሁ እያልህ ትቀጥላለህ።

ምክሩ መልካም ነበር፤ ጀማሪዎች ግን ተቸገሩ። ዳን ኖርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ቶትወርክስ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ይህን ዘዴ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ደጋግመው የሚጠይቁትን ጥያቄ አስተዋለ። ከየት ልጀምር? ምኑን ልፈትን፣ ምኑንስ ልተው? በአንድ ጊዜ ምን ያህል ልፈትን? መፈተኛውን ማን ልበለው? መፈተኛው ሲወድቅስ ለምን እንደ ወደቀ በምን ልወቅ? አንባቢ ሆይ፤ አንተም ጀማሪ ከሆንህ እነዚህ ጥያቄዎች ያንተም ናቸው።

መልሱን ያገኘው ከቴክኒክ በኩል ሳይሆን ከቃላት በኩል ነው። ክሪስ ስቲቨንሰን የተባለ የሥራ ባልደረባው የመፈተኛዎችን ስም ወስዶ «መፈተኛ» የሚለውን ቃል እየሰረዘ ስሞቹን እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር የሚያትም አንድ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሠራተኞቹ ይህን ሲያዩ ለመፈተኛዎቻቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ስም ማውጣት ጀመሩ፤ የታተመውንም ወረቀት ፕሮግራም የማያውቁ የሥራው ባለቤቶች ሳይቀሩ አነበቡት። ዳን ኖርዝ ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱ ስም «እንዲህ ሊያደርግ ይገባዋል» በሚል አነጋገር እንዲጻፍ መከረ፤ «መፈተኛ» የሚለውንም ቃል ትቶ «ጠባይ» የሚለውን ያዘ።

የቃል ለውጥ ብቻ ነው ብለህ አትናቀው። «ይገባዋል» የሚል ቃል ሁልጊዜ ጥያቄ ይጠራል፤ «በእርግጥ ይገባዋልን?» ያሰኛል። ስለዚህ አንድ መፈተኛ ሲወድቅ ሦስት ነገር ትመረምራለህ። አንደኛ፣ እኔ አበላሽቼ ይሆን? ከሆነ አርም። ሁለተኛ፣ ይህ ጠባይ ወደ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ተዛውሮ ይሆን? ከሆነ መፈተኛውንም ተከትለህ አዛውረው። ሦስተኛ፣ ጠባዩ ጭራሹን የማይገባ ሆኖ ይሆን? ከሆነ መፈተኛውን ሰርዘው። በመሥሪያ ቤት ሕግና መመሪያ ሲለወጥ ያየ ሰው ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚጠቅም አይጠፋውም።

ሦስቱ ቃላት

ዳን ኖርዝ በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጄቢሄቭ የተባለውን መሣሪያ መሥራት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ክሪስ ማትስ ከተባለ፣ ሥራው የደንበኞችን ፍላጎት አጥንቶ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ማስረዳት ከሆነ ባልደረባው ጋራ ሆኖ ይኸው አነጋገር የደንበኛውንም ፍላጎት ለመግለጽ እንደሚያገለግል ተረዱ። ሁለቱም ማንኛውም ምሳሌ በሦስት ክፍል እንዲነገር ወሰኑ፤ ዳን ኖርዝም ነገሩን በመጋቢት ወር 2006 እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሔት ላይ ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። በጽሑፉ ያቀረበው ምሳሌ ከባንክ ኤቲኤም ገንዘብ የሚያወጣ ደንበኛ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል አስቀድሞ ያለውን ሁኔታ ይናገራል፤ በደንበኛው ሒሳብ ገንዘብ አለ። ሁለተኛው የሚደረገውን አንድ ድርጊት ይናገራል፤ ደንበኛው ገንዘብ እንዲወጣለት ይጠይቃል። ሦስተኛው የሚከተለውን ውጤት ይናገራል፤ ገንዘቡ ይከፈለዋል፣ ከሒሳቡም ይቀነሳል፣ ካርዱም ይመለስለታል። በእንግሊዝኛ ጊቭን፣ ዌን፣ ዜን ይሏቸዋል። ሁኔታ፣ ድርጊት፣ ውጤት ብለህ ብትይዛቸው በቂ ነው።

አሁን ወደ አለቃህ ትእዛዝ እንመለስ

የዓመት ዕረፍቱን ጉዳይ በዚህ ዘዴ እንሞክረው። በ2010 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 የደነገገውን እንውሰድ። አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን ዕረፍት ያገኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የሥራ ቀን ይጨመርለት ነበር፤ ድምሩ ግን ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም ነበር። ሕግ ይለወጣልና ዛሬ የሚሠራበትን ከመሥሪያ ቤትህ ጠይቀህ ተረዳ፤ እኛ የምንወስደው ለመማሪያ ነው።

ችኩል ጀማሪ ይህን እንዳነበበ «ሃያ ሲደመር የአገልግሎት ዓመት» ብሎ ይጽፋል። ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሚያሳየው ምሳሌ ነው። ወረቀት አውጣና ከላይ ወደ ታች ጻፍ፦ 1 ዓመት ያገለገለ፣ 20 ቀን። 2 ዓመት ያገለገለ፣ 21 ቀን። 11 ዓመት ያገለገለ፣ 30 ቀን። 12 ዓመት ያገለገለ፣ ያው 30 ቀን። የችኩሉ ሰው ስሌት ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ 21 ብሎ ይወድቃል። ትክክለኛው ስሌት 19 ሲደመር የአገልግሎት ዓመት ሆኖ 30 ላይ መቆም ያለበት መሆኑን አራቱ መስመሮች ይነግሩሃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በአምስት ደቂቃ ወረቀት ላይ የሚታየው ስሕተት በኋላ በሠራተኞች መዝገብ ላይ ቢታይ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም።

ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ጥቅምም አለው፤ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ያስነሣል። 2 ዓመት ከ7 ወር ያገለገለ ሠራተኛስ? ሰባቱ ወር ይቈጠርለታል ወይስ አይቈጠርለትም? ስድስት ወር ብቻ ያገለገለ ሰው ቢጠይቅ ፕሮግራሙ ምን ይመልስ? ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውራ የመጣች ሠራተኛ የቀድሞው አገልግሎቷ ይያዝላታልን? እነዚህን አንተ በግምት ልትመልሳቸው አይገባም። መልሱ ያለው በሕጉና በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። ዘዴው ዋና ጥቅሙን የሚሰጥህ እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ዝም ብሎ በልቡ ሊወስን የነበረውን ነገር ወስዶ ሊወስን ሥልጣን ካለው ሰው ፊት ያቀርበዋል።

ኪያሩና አማርኛው

የተጻፉትን ምሳሌዎች ኮምፒዩተሩ ራሱ አንብቦ እንዲፈትን የሚያደርጉ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አሉ። ከሁሉም ስሙ የገነነው አስላክ ሄለሶይ የተባለ ኖርዌያዊ በ2008 እ.ኤ.አ. የሠራው ኪውከምበር ነው፤ ትርጕሙ ኪያር ማለት ነው። ስሙን ያወጣችለት እጮኛው ናት ይባላል። ምሳሌዎቹ የሚጻፉበት ደንብ ደግሞ ገርኪን ይባላል፤ ይኸውም በኮምጣጤ ተነክሮ የሚበላ ትንሽ ኪያር ስም ነው።

ገርኪን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ ከሰባ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይጻፋል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። ለአማርኛ ከተመደቡት ቃላት መካከል «የተፈለገው ስራ»፣ «ምሳሌ»፣ «ህግ»፣ «የተሰጠ»፣ «መቼ»፣ «ከዚያ»፣ «እና»፣ «ግን» ይገኛሉ። የእኛ ምሳሌ በዚሁ ደንብ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

የተፈለገው ስራ: የዓመት ዕረፍት ማስላት
ምሳሌ: ከጣራው በላይ ያገለገለች ሠራተኛ
የተሰጠ ሠራተኛዋ 12 ዓመት አገልግላለች
መቼ የዓመት ዕረፍቷ ይሰላል
ከዚያ 30 የሥራ ቀን ይፈቀድላታል

ከርእሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ነጥቦች የእኛ ሳይሆኑ የላቲኑ መሆን እንዳለባቸው ልብ በል። በፋይሉም ራስጌ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ለአማርኛ የሚያገለግሉት ኤ እና ኤም የተባሉት ሁለት ፊደላት በገርኪን ዘንድ ለአርመንኛ ተሰጥተዋልና ኤች የሚለውን ሦስተኛ ፊደል ጨምርበት።

አንባቢ ሆይ፤ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነብ «መቼ» የሚለው ቃል ጆሮህን ሳይቈረቍርህ አልቀረም። በእኛ ቋንቋ «መቼ» የጥያቄ ቃል ነው፤ «ስትሰላ»፣ «ሲመጣ» የምንለውን ሊተካ አይችልም። እንግሊዝኛው ሁኔታውን የሚያመለክተውን ቃል በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ያደርጋል፤ አማርኛ ግን በግሡ ላይ አያይዞ በመጨረሻ ይናገረዋል። ደግነቱ ደንቡ ራሱ አንድ መውጫ አለው፤ በእነዚህ ቃላት ምትክ የኮከብ ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል። እንዲህ ብትጽፍ አለቃህም መዝገብ ቤቱም ያለ አስተርጓሚ ያነቡታል፦

* ሠራተኛዋ 12 ዓመት አገልግላ ሳለ
* የዓመት ዕረፍቷ ሲሰላ
* 30 የሥራ ቀን ይፈቀድላታል

ሥራው እንዴት ይሄዳል?

ምሳሌውን ብቻ ጽፈህ መሣሪያውን ብታስነሣው እያንዳንዱን መስመር «ይህን አላውቀውም» ይልሃል። ለየመስመሩ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በፕሮግራሙ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ አጭር ማያያዣ ትጽፋለህ። እንደገና ብታስነሣው ቀይ ይሆናል፤ ስሌቱ ገና አልተጻፈምና። ቀዩን አትፍራ፤ ቀጥሎ የሚሠራውን ያመለክትሃል። ስሌቱን ጻፍ፤ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ስሞቹን አጥራ፣ የተደጋገመውን አስወግድ፣ አረንጓዴው እንዳልተለወጠ አረጋግጥ። ወደ ሚቀጥለው ምሳሌ እለፍ። ሁለት ምሳሌ በአንድ ጊዜ አትጀምር።

በዚህ ዓይነት ከሠራህ በኋላ ሕጉ ቢለወጥና ጣራው ከ30 ወደ ሌላ ቍጥር ቢዛወር የምትነካው መጀመሪያ ምሳሌውን ነው። ምሳሌውን ስትለውጥ መሣሪያው ይቀላል፤ ፕሮግራሙን ስታስተካክል አረንጓዴ ይሆናል፤ ሌሎቹም ምሳሌዎች አረንጓዴ እንደ ሆኑ ከቀሩ ሌላ ነገር እንዳላበላሸህ ታውቃለህ። አንተ ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወር ተተኪህ የሚያገኘው በልብህ ብቻ የነበረ ነገር ሳይሆን የሚነበብ ሰነድ ነው።

ጀማሪ የሚሰናከልባቸው

አንደኛው መሰናክል ምሳሌውን የጣት ሥራ ዝርዝር ማድረግ ነው። «ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫን፣ በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ 12 ጻፍ» እያልህ ብትጽፍ ገጹ በተለወጠ ቍጥር ምሳሌህ ሁሉ ይፈርሳል፤ የዕረፍቱ ሕግ ግን አልተለወጠም። ስለ ሕጉ ጻፍ፤ ስለ ቁልፉ ተው።

ሁለተኛው ጥርጥር የሚያመጣ አነጋገር ነው። «ዕረፍቱ በትክክል ይሰላል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «30 የሥራ ቀን ይፈቀድላታል» ማለት ግን ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው፤ ሰው ሊከራከርበትና ሊያርመው ይችላል።

ሦስተኛው ሁሉንም ነገር በዚህ መንገድ ልፈትን ማለት ነው። እያንዳንዷን ትንሽ ስሌት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መፈተን ሥራውን ያዘገያል። ጥቃቅኑን በተራው መፈተኛ ፈትን፤ ዓረፍተ ነገሩን የሥራው ባለቤት ሊያነበው ለሚገባው ነገር አስቀምጠው።

አራተኛውና ትልቁ ግን ለብቻ ተቀምጦ መጻፍ ነው። ጀማሪው መሣሪያውን ኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖ፣ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ጽፎ ጨርሶ፣ ምሳሌዎቹን ከራሱ ልብ አውጥቶ ከኋላ ይለጥፋል፤ ከዚያም «ቢዲዲ አውቃለሁ» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው የተሳሳተ ግምቱን ሁለት ጊዜ ጻፈው እንጂ አልፈተነውም። አስላክ ሄለሶይ ራሱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰዎች ኪውከምበርን እንዲያው መፈተኛ ብቻ አድርገው መያዛቸውን አንሥቶ፣ ዓላማው ሰዎችን ማነጋገር እንደ ነበረ ጽፏል።

ከምን ትጀምራለህ?

ከመሣሪያው አትጀምር፤ ከካርድ ጀምር። ማት ዊን የተባለው የኪውከምበር ባለሙያ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሰው ሁሉ የገለጸው አንድ ቀላል አሠራር አለ። አራት ዓይነት ቀለም ያላቸው ካርዶች ይዘጋጃሉ። በቢጫው የተፈለገው ሥራ ይጻፋል፤ በሰማያዊው ሕጉ፤ በአረንጓዴው ምሳሌው፤ በቀዩ ደግሞ መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ ሥራውን የሚፈልገው፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው፣ የሚፈትነው። ጊዜውም ወደ 25 ደቂቃ ያህል ነው። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ካርድ ከበዛ ነገሩ ገና አልበሰለምና ለመጻፍ አትቸኵል። ሰማያዊው ከበዛ ሥራው ትልቅ ነውና ከፋፍለው።

ባለ ቀለም ካርድ ካጣህ ተራ ወረቀትና አራት እርሳስ ይበቃል። ሦስተኛ ሰው ካጣህ ጓደኛህን «ይህን እንዴት አፈርሰዋለሁ ብለህ ጠይቀኝ» በለው። የሥራው ባለቤት አለቃህ ከሆነ ደግሞ አታፍር፤ ወረቀትህን ይዘህ ግባና፦ «ጌታዬ፣ 12 ዓመት ላገለገለ ሰው 30 ቀን ማለት ነውን? 2 ዓመት ከ7 ወር ላገለገለስ?» ብለህ ጠይቅ። ብልህ አለቃ በእንዲህ ያለ ጥያቄ አይቈጣም፤ ምናልባትም ራሱ ያላሰበውን ነገር አስታውሰኸው «ቈይ፣ ይህን ለሕግ ክፍል እንጠይቅ» ይልሃል።

የፕሮግራም ቋንቋዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉም፤ ዛሬ የምትማረው ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ሊተካ ይችላል። ሰው የሚፈልገውን ጠይቆ፣ በምሳሌ አስረግጦ፣ ከተስማሙ በኋላ መሥራት ግን በየትኛውም ቋንቋ ብትጽፍ ያገለግልሃል። እንግዲህ ዛሬ ማታ መጽሐፍህን ከመክፈትህ በፊት አንድ ወረቀት አንሣና፣ ልትጽፈው ያሰብኸው ፕሮግራም ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ሦስት ምሳሌ ጻፍ። ነገ ጠዋት ደግሞ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው አሳየው።